የሌሊት ቤቱ ጣት

አምቦዲማንጋ፣ ሜይ 18 ቀን 1997

ለወንድሜ ልጅ ለቬሎንጃራ፣

በቤቴ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ የምንማጸናቸው የሞቱ አባቶቻችን ያንተንም ደጅ ይጠብቁልህ። የደጋው ብርድ አጥንትህን አይንካው። ሩዝ ከድስትህ፣ ሳቅ ከጥርስህ አይለይ። እኔ አክስትህ ሱዋራቮ አራት ቀን በዚያ መኪና ስንገላታ ከርሜ ሐሙስ ከቤቴ ገብቻለሁ። ቅርንፉዱን ጎረቤት አስጥቶልኝ ቆየኝ። ቦቃው በሬዬም ደህና ነው፤ ሲያየኝ አገሳ።

ምርቃቱ ይበቃሃል። አሁን የሆዴን ልናገር።

ስድስት ዓመት ሙሉ «ዋና ከተማ፣ ትልቅ ቦታ ነው የምሠራው፤ አንድ ቀን መጥተው ይዩልኝ» ስትለኝ፣ እኔም ደብዳቤህን ለቅርንፉድ ነጋዴው ሁሉ እያነበብኩ ስኩራራ ኖሬአለሁ። ያ ነው ትልቁ ቦታ? ድሮ የጨርቅ መጋዘን የነበረ፣ መስኮቱን ጥቁር ቀለም ቀብተው ቀኑን ሌሊት ያደረጉበት ቤት! አውሬ ጫካ ውስጥ አነሰና ጣሪያ ሠሩለት! ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ማስቲካዋን እያላመጠች «እማማ አይዞዎት፣ አፍንጫዎ ይለምደዋል» አለችኝ። ይኸው ሳምንት አለፈኝ፣ አፍንጫዬ አልለመደውም። የሽንት፣ የበሰበሰ ሙዝ፣ የረጠበ ውሻ ሽታ። ቀሚሴን ሦስት ጊዜ አጥቤ ሽታው ይለቀው ብዬ ቅርንፉዱ ላይ አሰጣሁት። አሁን ቅርንፉዱም መሽተት ጀምሯል።

ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ መስታወት ውስጥ ምን አየሁ? ቀይ እንቁራሪት! የኛኑ የቦይ እንቁራሪት! ዝናብ በጣለ ቁጥር ከጓሮዬ በመጥረጊያ የማባርራት ቦርጫም፣ መብራት በርቶላት፣ ስሟ ተጽፎላት፣ ሰው ከፍሎ ተሰልፎላታል። አንዷ ባለ ታኮ ጫማ «ውይ ስታምር!» ስትል «እመቤቴ፣ እኔ ቤት ይምጡና በቅርጫት ይውሰዱ» ብላት አንተ ክንዴን ቆነጠጥከኝ። ያፈርክብኝ መሰለኝ። ማፈርስ በራስህ ነበር።

ከዚያ በረሮዎቹ። አውራ ጣቴን የሚያክሉ፣ እንደ እባብ የሚያፏጩ በረሮዎች! የትምህርት ቤት ልጆች ከመዳፍ መዳፍ ሲቀባበሏቸው ቆይተው ወዲያው በዚያው እጃቸው ብስኩት ሲበሉ አየሁ። አስተማሪያቸውም አብራ ትበላለች። እስስት ባርኔጣው ላይ አስቀምጦ ፎቶ የሚነሳውን ሰውዬማ ተወው፤ እናት ያሳደገችው አይመስልም።

ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ክፍል ነው። የዚያን አውሬ ስም አልጽፍም፤ እኔ ቤት አይጠራም። የሌሊት ወፍ ጆሮ፣ የአይጥ ጥርስ፣ የቀበሮ ጭራ፤ ያ የተረገመ መሐል ጣቱ ደግሞ ቆዳ የለበሰ ጭራሮ። እንቁላሉን በጥርሱ በስቶ አስኳሉን በጣቱ እየዛቀ ሲልስ አየሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቁላል አልበላሁም። እንዲህ እያየነው ድንገት መብላቱን ተወ። ዞረ። ጣቱን አንስቶ በመስታወቱ በኩል ጠቆመ።

አንተ ቀለድክ። «ሰላም እያለዎት ነው» አልከኝ። ያ አውሬ ጣቱን የቀሰረበት ሰው ዓመት እንደማይደግም በኛ መንደር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጣቱ ያረፈው እኔ ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት ከመኪና ስወርድ የዛገ ብረት ባቴን ቦጨቀኝ። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ግን መጀመሪያው ይሄ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ እንደ ልማዳችን ግደለውና መንታ መንገድ ላይ ስቀለው። ክፋቱን አላፊ አግዳሚው ተካፍሎ ይወስደዋል። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

አክስትህ ሱዋራቮ


አንታናናሪቮ፣ ጁን 9

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሱዋራቮ፣

የባሕሩ ነፋስ ይለዝብልዎ፤ ቅርንፉድዎ ሳይሻግት ይድረቅልዎ፤ አባቶች ዕድሜዎን ያርዝሙልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ በሹፌሩ ኪስ ሦስት ሳምንት ሲዞር ቆይቶ ዛሬ ደረሰኝ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ለእኛ ቤት ሽታ የተላከ መልስ ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

እትዬ፣ ቤቱ መሽተቱን አልክድም። ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ላይ ሰው ከጎኔ ይነሳል። ስለ እንቁራሪቷም እውነትዎን ነው። አውሬውን ግን አልገድልም።

ጣቱን የሚያንቀሳቅሰው ለምግቡ ነው። እንጨት ያንኳኳል፤ ባዶ የሆነውን ቦታ ሲሰማ ይቦረቡርና ውስጥ ያለውን ትል ጎትቶ ያወጣል። መስታወቱንም እንጨት መስሎት ቀኑን ሙሉ ያንኳኳል። በቀን ሁለት መቶ ሰው ይመጣል። የጠቆመበት ሁሉ ቢሞት ኖሮ ከተማው እስካሁን ባዶ ነበር፣ የቤት ኪራይም ይረክስልኝ ነበር።

ደግሞ የኛው አገር ልጅ ነው። ከሰላጤያችን በላይ ያለውን ደን ሲመነጥሩ እናቱን ገድለው መንገድ ላይ ሰቀሏት። እሱ ወደዚህ ሲመጣ መዳፌን አያክልም ነበር። የኮኮነት ወተት በጠብታ እያጠጣሁ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ያውቃል። እርስዎም እናቱ የሞተችበትን ልጅ አሳድገዋልና ነገሩ አይጠፋዎትም።

ይልቅ በዚያ ቀን የተጎዳሁት እኔ ነኝ። እዚያ እንደቆምን ምን እንደነካዎት አላውቅም፤ ጎኔን በክርንዎ ገፍተው፣ አውራ ጣቴን በተረከዝዎ ጨፍልቀው ከፊቴ ተደነቀሩ። ሰው የተጠየፈውን ነገር በቅርብ ለማየት እንዲህ ይጋፋል? ጥፍሬ ጠቁሮ ወልቋል። ከወገቤ በላይ የማይደርሱ ሴት ያን ጉልበት ከየት እንዳመጡት ለባልደረቦቼ ሳወራ ሲስቁብኝ ሰነበቱ።

ቁስሉን ግን ማናናራ ከተማ ሄደው ጤና ጣቢያ ያሳዩ። የዛገ ብረት አይናቅም።

ልጅዎ ቬሎንጃራ


አምቦዲማንጋ፣ ጁን 27

ለቬሎንጃራ፣

አባቶች ይባርኩህ። ከዚህ በላይ የሚመርቅ አፍ ዛሬ የለኝም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተ ሁለቱንም ሆነሃል። በቀን ሁለት መቶ ሰው ይጠቁማል አልከኝ። የሁለት መቶውን ቀብር ሄደህ አይተሃል? ከተማ ውስጥ ማን የማንን ሞት ያውቃል! «እጄን ያውቃል» ያልከውን ሳነብ ደግሞ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። በዚያ እጅህ ነበር ሩዝ ስታቀርብልኝ የሰነበትከው? ትዝ ሲለኝ ቁርሴን ተፋሁት።

ቁስሉ አልዳነም። መግል ቋጥሯል፣ ዙሪያው እንደ እንቁራሪትህ ቀልቷል። ስሸፍነው ይሸታል፤ ስገልጠው ዝንብ ይሰበሰባል። የገዛ እግሬን ተጠይፌ በሩቅ አስቀምጬው ብውል ደስ ይለኝ ነበር። ጤና ጣቢያ አልሄድም። ለምን እንደማልሄድ ሆድ ይፍጀው።

ከአባቶች የሚያማልደን ባለ ቀይ በትሩ ሽማግሌ ጃዎማሮ ዘንድ ሄጄ ነበር። አዎ፣ ያው ጃዎማሮ፤ አባትህ የተቀበረ ዕለት ዘግይተህ ስትደርስ «ሬሳ መኪና አይጠብቅም» ያለህ፣ አንተም «ሁለተኛ ይህን መንደር ብረግጥ» ብለህ ምለህ የወጣህበት። ሦስት መንገድ አለ አለኝ። አንዱ መግደል ነው፤ እሱን እምቢ ብለሃል። ሁለተኛው ጣቱን ቆርጦ መላክ ነው። እኛ እንቀብረዋለን፣ አውሬህም በሕይወት ይቆይልሃል። ይሄን እንኳ አድርግልኝ። ሦስተኛውን አልጽፈውም። ስድስት ዓመት ና፣ ና ብዬህ የሰለቸኝ ነገር ነው።

አክስትህ ሱዋራቮ


አንታናናሪቮ፣ ጁላይ 14

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሱዋራቮ፣

ምሕረቱን ያውርድልዎ። እግርዎ እንደ ድሮው ዳገቱን ይውጣልዎ።

ደብዳቤዎን የከፈትኩት አውሬውን እያበላሁ ነበር። መግል ያሉት ጋ ስደርስ ኮኮነቱን አስቀምጬለት ሐኪም ዘንድ ሮጥኩ። ያሉኝን ሳልቀንስ ልጻፍልዎ፦ ቁስሉ ከጉልበት በላይ ከወጣ እግር ይቆረጣል፤ ከዚያም ከዘገየ ሰው ይሞታል። በአሥር ቀን መርፌና እንክብል ግን ይድናል። በዚህ ካርቶን የላክሁልዎ መድኃኒቱን ነው። ማናናራ ፋራ የምትባል ነርስ አለች፤ ጽፌላታለሁ። በታንኳ ግማሽ ቀን ነው፤ ይሂዱልኝ።

ጣቱን አልቆርጥም። ያለሱ መብላት ስለማይችል በረሃብ ይሞታል። ሦስተኛው መንገድም ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሱን አይጻፉልኝ። ጃዎማሮ ፊት የምንበረከክበት ጉልበት የለኝም።

ይህን ስጽፍ ግን እንደ ድሮው ኮርቼ አይደለም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ቤቱ እኔንም ቀፎኛል። ትናንት ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ይዞ መጣና «ቀስቅሰው፣ ጣቱን ያሳያቸው» አለኝ። «ደክሞት ተኝቷል ጌታዬ» ስለው «የከፈሉት ተኝቶ ሊያዩት ነው እንዴ?» ብሎ መስታወቱን በቁልፉ ደበደበው። አውሬው ብድግ ሲል እንግዶቹ ሁሉ ጣታቸውን ቀስረውበት ሳቁ። አንዱ የለውዝ ልጣጭ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ተፋበት። እሱን ልጣጭ በኋላ አንድ በአንድ የለቀምኩት እኔ ነኝ፣ ምራቁ እንዳለበት።

ሲመጡ ያላዩትም ነገር አለ። አውሬው ፀጉሩን ራሱ እየነጨ ግማሽ ጭራው ተላጧል። ጎብኚ እንዳያየው በዚያ በኩል ቅጠል አስደግፍበታለሁ። እርስዎ በመጡ ዕለት ከወትሮው አብዝቼ ነበር ያስደገፍኩት። አሁን ቅጠሉን ባየሁ ቁጥር ራሴን ያስጠላኛል።

እባክዎ መድኃኒቱን ይውሰዱ።

ልጅዎ ቬሎንጃራ


አምቦዲማንጋ፣ ጁላይ 30

ለልጄ ለቬሎንጃራ፣

አባቶች ከፊትህ ይቅደሙ፣ ከኋላህ ይከተሉ። የምትበላው ይጣፍጥህ፣ የምትተኛበት ይመችህ። ልጆች ውለድ፤ ሰባት ወንድ ሰባት ሴት። ሽበት እስኪያለብስህ፣ የልጅ ልጅ ምርኩዝህን እስኪቀማህ ኑር። ያሳደግኩህ እጄ ይመርቅሃል። ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ ከሆነ ነፋስ ይውሰደው።

መድኃኒቱ ደርሷል፣ አመሰግናለሁ። ካርቶኑ ጥሩ ነው፤ ዶሮዋ እንቁላል ጥላበታለች። ቅርንፉዱ ተሸጧል። ቦቃው ደህና ነው።

ስለ ጣቱ ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ነጭ ጨርቅ ብቻ ላክልኝ። ስምንት ክንድ ይበቃል፤ ከስቻለሁ።

አክስትህ ሱዋራቮ


አንታናናሪቮ፣ ኦገስት 9

ለአክስቴ ለእትዬ ሱዋራቮ፣

ምርቃቱን ዛሬ ይለፉኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አገላብጬ ስድብ ፈለግኩበት፤ አንድም አጣሁ። የፈራሁት ያኔ ነው። ጨርቁን አልላክሁም፤ አልልክምም።

አንድ ነገር ደብቄዎት ነበር። ጣቱ የጠቆመው እርስዎን አይደለም፣ እኔን ነው። ጠዋት ማታ የማበላው እኔ ነኝ፤ ዞሮ ያየውም እኔን ነው። ጣቱን ሲያነሳ በደረቴ ትክክል ነበር። እርስዎ ከፊቴ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የእግርዎ ቁስል የብረት ቁስል ብቻ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ጣቱ የኔ ነው፣ ጣጣውም የኔ። እርስዎ እንክብሉን ይዋጡ፣ ፋራ ትምጣና ትውጋዎት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እውነቴን ነው።

ልጅዎ ቬሎንጃራ


አምቦዲማንጋ፣ ኦገስት 20

ለማይረባው የወንድሜ ልጅ፣

ስድብ አጣሁ አልክ? እንካ። አንተ ደደብ! አንተ የበረሮ ሞግዚት! አንተ የእንቁራሪት አሽከር! ይሄን ዛሬ ነው የምትነግረኝ?

ጣቱ አንተ ላይ እንደነበረ የማላውቅ መሰለህ? ዓይኔ ለመርፌ ቀዳዳ ደከመ እንጂ ለጣት አልደከመም። ሲያነሳው አየሁ፤ ደረትህ ላይ ሲያነጣጥረው አየሁ። አንተ ጥርስህን ገልፍጠህ ወደ እኔ ትስቃለህ። ጎንህን ገፋሁ፣ እግርህን ረገጥኩ፣ ከፊትህ ገባሁ። «የተጠየፉትን በቅርብ ለማየት ተጋፉ» ብለህ ለባልደረቦችህ ስትቀልድብኝ ሰነበትክ። ያንን አውሬ እኔ በቅርብ ለማየት! ትንፋሹ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ እንዳላስመልስ ከንፈሬን ነክሼ ነበር የቆምኩት። ዞር ማለት ግን አልቻልኩም። ጣቱን እስኪያወርድ መቆም ነበረብኝ።

ጃዎማሮ የነገረኝ ይሄ ነው። ለሌላ ሰው ብሎ ጣቱን የተቀበለ ከሚመጣበት ነገር አይሸሽም። እኔ በመርፌ ባመልጥ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። መድኃኒትህን ያልዋጥኩት ለዚህ ነው። ግደለው ያልኩህ ሁለታችንም እንድንተርፍ ነበር፤ ቁረጠው ያልኩህም ለዚሁ ነበር። ሁለቱንም እምቢ ስትለኝ ጨርቅ ጠየቅኩህ። ነግሬህ ቢሆን ትስቅ ነበር፤ ሳቅህን ደግሞ ከዚህ ቁስል ጋር አልችለውም።

እንግዲህ ከጀመርኩ ሦስተኛውንም ልጻፈው። ጣቱ የተቀሰረበት ሰው ራሱ በእግሩ ይመጣል። ጫማውን አውልቆ ከአባቶች ምሰሶ ሥር ይቆማል፤ ሰንጋ ይታረዳል፤ ጃዎማሮ ውሃ ይረጭበታል። ያኔ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ የተጠቆመውም የተቀበለውም። ሰንጋው አለኝ፣ ቦቃው ነው። የጎደለው አንተ ነህ።

ቁስሉ ጉልበቴ ሥር ደርሷል። ሽታው ያንተን ቤት ማስናቅ ጀምሯል። ጎረቤት ሩዝ ሲያመጣልኝ በር ላይ አስቀምጦ ይሮጣል፤ አልፈርድበትም።

ና አላልኩህም። ለመጨረሻ ጊዜ ጻፍኩት እንጂ።

ሱዋራቮ


ማናናራ፣ ወንዝ ዳር፣ ሴፕቴምበር 2

ለአክስቴ ለእትዬ ሱዋራቮ፣

እስክደርስ አባቶች ያቆዩልኝ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልዎት የቅርንፉድ ነጋዴ ነው። ሙሉ ከጫነው ታንኳችን እሱ በእግሩ ይፈጥናል አሉኝ።

የኦገስቱን ደብዳቤ የጻፍኩት ዋሽቼ ነበር። ማንን እንደጠቆመ አላየሁም፤ በእርስዎ ስስቅ ፊቴን ከመስታወቱ ወደ እርስዎ አዙሬ ነበር። እንክብሉን እንዲውጡ ብዬ ፈጠርኩት። መልስዎ የደረሰኝ ዕለት ሄጄ እርስዎ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ በቁመትዎ ልክ አጎነበስኩ። ከዚያ ሲያዩት ጣቱ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። እርስዎ እዚያ ምን ያህል እንደቆሙ ሳስብ አለቀስኩ፤ አንድ ባለ ባርኔጣ ፎቶ አነሳኝ።

ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ከለከለኝ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ማስቲካ የምታላምጠው ልጅ እስክመለስ ለአውሬው ኮኮነት ልትሰጠው ቃል ገብታልኛለች፤ እየቀፈፋትም ቢሆን ትሰጠዋለች። ቅጠሉን ከመውጣቴ በፊት አንስቼዋለሁ። ሰው ጭራውን ይየው።

ፋራ አብራኝ አለች። መርፌዎቿን ጉልበቷ ላይ ታቅፋ፣ ታንኳው በተወዛወዘ ቁጥር እኔን ትሰድባለች። ይወዷታል።

ለጃዎማሮ ይንገሩልኝ፤ እንደ ልማዴ ዘግይቻለሁ፣ ግን ዘንድሮ ለሬሳ ሳይሆን በሕይወት ላለ ሰው ልደርስ ነው የምመጣው። በሩ ላይ እንበረከካለሁ። የሚለውን ሁሉ ይበለኝ። ቦቃውን ያሳስሩት፤ እሱን ሲያርዱ እንደማያዩ አውቃለሁ፣ እኔ እቆምለታለሁ።

ጣቱን አሁንም አላምንበትም። ሆኖም ውሃው እኔ ላይ ሲረጭ በዚያው ሰዓት እግርዎን ለፋራ ይዘርጉላት፤ አንድ ላይ ይሁን። ጃዎማሮ በትሩን ይዞ ሲመጣብኝ ደግሞ እባክዎ ከፊቴ አይግቡ። ጥፍሬ ገና መብቀሉ ነው።

ልጅዎ ቬሎንጃራ